አሮጌው በገና ወደ ሠሪው ይሂድ

ከአባት የተወረሰ በገና በግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጢስ አጥቁሮታል። ቆዳው ተቀዷል። አውታሩ ተበጥሷል። ባለቤቱም፣ «ከእንግዲህ ምን ያደርጋል?» ይላል። አንዳንዱ በርካሽ ይሸጠዋል። አንዳንዱ ደግሞ ለማገዶ ያስበዋል።

ወገኖች፣ አትቸኩሉ! በገና ሲያረጅ ሁሉ ነገሩ አያረጅም።

እስቲ በገናን እንመልከት። የታችኛው ክፍል ገበቴ ይባላል። ገበቴው ከእንጨት ተሠርቶ በቆዳ ይለበጣል። ከገበቴው ሁለት ምሰሶዎች ወደ ላይ ይወጣሉ። በምሰሶዎቹ ጫፍ ላይ አግዳሚ እንጨት አለ። እሱም እንደ በሬው ቀንበር፣ ቀንበር ይባላል። ከቀንበሩ እስከ ገበቴው 10 አውታሮች ይወጠራሉ። አውታር በልማድ የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው። አውታሮቹ በበርኩማ ላይ ያርፋሉ። በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ስሙ እንዝራ ነው። በገናን እንደ ንብ ጥዝ የሚያሰኘው እሱ ነው።

ቆዳ፣ አውታርና እንዝራ ያልቃሉ፤ ይለወጣሉም። በደንብ የተያዘ እንጨት ግን ከአባት ለልጅ፣ ከልጅም ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ታዲያ ማን ይጠግነው? የሠራው ሰው በሕይወት ካለ ወደ እሱ ውሰዱት። እንጨቱን ምን ያህል እንዳሳሳው ያውቃል። የቱ ጋ እንዳጋጠመው ያውቃል። ሌላው ሰው ግን በግምት ይነካዋል። እንዝራውን ቆሻሻ መስሎት የሚጥልም አይጠፋም። ያን ጊዜ በገናው ጥዝ ማለቱን ይተዋል። ሠሪው ከሌለ፣ እሱ ያስተማረውን ሰው ፈልጉ።

ባለቤቱና ሠሪው እንዲህ ይነጋገሩ ይሆናል፦

— አባቴ፣ እንጨቱ ጠቁሯል። ፍቀው ቀለም ይቀቡልኝ።

— የለም ልጄ። እንጨቱ ከተፋቀ ይሳሳል። ሲሳሳ ድምፁ ይለወጣል። ጥቀርሻውን በጨርቅ እጠርግልሃለሁ። የምለውጠው ቆዳውንና አውታሩን ነው።

— በስንት ቀን ይደርስልኛል?

— እሱን የሚያውቀው ቆዳው ነው። ቆዳው እርጥብ ሳለ ተለብጦ ይሰፋል። ከዚያ በጥላ ይደርቃል። ሲደርቅ ይኮማተርና ገበቴውን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። በፀሐይ ባቻኩለው ቆዳውም እንጨቱም ይሰነጠቃል።

በገና በብዛት የሚደረደረው በዓቢይ ጾም ነው። እንግዲያው ጾሙ ሳይደርስ ቀደም ብላችሁ ውሰዱት።

ከመለያየታችሁ በፊት ውል ጻፉ። ምን ምን ይለወጣል? ዋጋው ስንት ነው? መቼ ይደርሳል? በሁለት ወረቀት ጽፋችሁ ፈርሙ። አንዱ ለእናንተ፣ አንዱ ለሠሪው ይሁን። ሠሪው ማንበብ የማይችል ከሆነ፣ የሚያምነው ሰው ባለበት አንብቡለት። በወረቀት የሰፈረ ቃል ጠብ አያስነሳም።

ሌላም የሚጻፍ ነገር አለ። በድሮ ጊዜ ባለ እጅ ይናቅ ነበር። «ፋቂ»፣ «ቀጥቃጭ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ሥራውን የሚፈልግ ብዙ፣ ሙያውን የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነበር። ስለዚህ የብዙ ሠሪዎች እውቀት ሳይጻፍ አብሯቸው ተቀብሯል። እናንተ ግን ዛሬ መጻፍ ችላችኋል። ሠሪውን አክብራችሁ ጠይቁት። እንጨቱ ዋንዛ ነው ወይስ ሌላ? በየትኛው ዓመት ሠራው? ቆዳው የምን እንስሳ ነው? አንጀቱን እንዴት አጥቦ ያከረዋል? እንዝራውን ምን ያህል ያጠብቀዋል? የነገራችሁን በራሱ አነጋገር ጻፉ። ስሙንም ጻፉ።

በገናውን ወደ ቤት ስትመልሱ ከምድጃ አርቃችሁ ስቀሉት። ከፀሐይና ከአይጥ ጠብቁት። የጻፋችሁትን ወረቀት ከበገናው ጋር አኑሩት። ሠሪው አንድ ቀን ያልፋል። ልጃችሁ በገናውን ሲያስጠግን ግን የሠሪውን ቃል አንብቦ ለጠጋኙ ይነግረዋል።

ጥያቄዎች

1. ከበገና ክፍሎች የሚለወጡት የትኞቹ ናቸው?

2. ሠሪው እንጨቱን አልፍቅም ያለው ለምንድን ነው?

3. በአካባቢያችሁ በገና፣ ክራር ወይም መሰንቆ የሚሠራ ሰው አለ? ሄዳችሁ ጠይቁት። የነገራችሁን በአምስት መስመር ጻፉ።