ዘንዶው ያለበት ሳንቃ

ስኬትቦርድ የሚባለውን ባለአራት ጎማ ሳንቃ ወጣቶች ሲንሸራተቱበት ያየ ሰው ብዙ ነው። ከሳንቃው ሥር ሥዕል መኖሩን ልብ ያለው ግን ጥቂት ሳይሆን አይቀርም።

በካሊፎርንያ ጆርጅ ፓወልና ስቴሲ ፔራልታ በ1978 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ፓወል ፔራልታ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ለሳንቃዎቹ ሥዕል ይሥል የነበረው ቨርነን ኮርትላንድ ጆንሰን ሲሆን፥ ከሥራዎቹ መካከል ለስቲቭ ካባሌሮ የሣለው ዘንዶ ስመ ጥር ነው። ዘንዶ ሲባል በእኛ ዘንድ ቶሎ ትዝ የሚለው በቅዱስ ጊዮርጊስ ጦር የተወጋው ክፉ አውሬ ነው። በሩቅ ምሥራቅ ግን የብርታትና የመልካም ዕድል ምልክት ነው። ካባሌሮ ከሜክሲኮና ከጃፓን ዘር የሚወለድ ሰው ነው፤ የተወለደበትም 1964 በቻይናዎች ዘንድ የዘንዶ ዓመት ነበረ። እንግዲህ ይህ ሥዕል ከስሙ ጋራ ሲታይ ተራ ጌጥ ነው ለማለት ይከብደኛል።

ኩባንያው የ1980ዎቹን ሳንቃዎች በቀድሞ ቅርጻቸውና ሥዕላቸው እንደገና እየሠራ ይሸጣል። «ይህ የጥንቱን ዋጋ ማርከስ ነው» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ሥዕሉ ከሥር ስለሆነ ልጁ በድንጋይ ጠርዝ ላይ በተንሸራተተ ቍጥር ይፋቃል። ስለዚህ ከቀድሞዎቹ ንጹሕ ሆኖ የተረፈው ጥቂት ነው፤ እሱም ቢሆን ገንዘብ ያለው ሰው የሚገዛው ዕቃ ሆኗል። የሳንቃ ገበያ ወዴት እንደደረሰ ለማየት በጥር 2019 የሆነውን ማስታወስ ይበቃል፤ ሱፕሪም የተባለው ኩባንያ ያወጣቸው 248 ሳንቃዎች በሶዘቢስ የጨረታ ቤት ባንድነት በ800,000 ዶላር ተሸጡ። በዚህ ገንዘብ ስንት ልጅ መንሸራተቻ ያገኝ እንደነበረ አንባቢ ያስላው!

እንደገና መሠራቱ ሥዕሉን ከባለጸጋው ሣጥን አውጥቶ ለተራው ሰው ያቀርበዋል። የማልወደው ሻጮች ቍጥሩን ሆን ብለው ሲያሳንሱትና ገዢው ሲሻማበት ነው፤ ያን ጊዜ አዲሱም እንደ አሮጌው የነጋዴ ዕቃ ይሆናል። ደግሞም የተንሸራታቹ ስም በትልቁ ሲጻፍ የሠዓሊውን ስም የሚያውቅ ገዢ ምን ያህል ነው? ከሥዕሉ አጠገብ ስሙ በግልጽ ቢነበብ የሚከስር የለም።

ዛሬ ከገዢዎቹ ብዙዎቹ ልጆች ያሏቸው ጐልማሶች ናቸው፤ ሳንቃውንም ከግድግዳ ይሰቅሉታል። ይስቀሉት፤ ግን ለልጃቸው አንድ ሌላ ይጨምሩ፥ ጎማም ያግጠሙለት። ሥዕሉ ይፋቃል ብለው እንዳይሠጉ፥ የ1980ዎቹ ልጆች መላ ነበራቸው፤ ሁለት የፕላስቲክ ዘንጎች ከሳንቃው ሥር በቪቴ ያስሩ ነበር። ዘንጎቹ በጠርዙ ላይ መንሸራተቱን ያቀልላሉ፥ ዘንዶውንም ከመፋቅ ያድኑታል።