አሥር ደቂቃ የሚሉት ፍቅር

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት እየሰማን አድገን፣ ከተቃጠለ በኋላ ቅጠል ፍለጋ የምንሮጥ ሰዎች መሆናችን ዘወትር ይገርመኛል። ዛሬ ይህን የምለው ስለ አገር ጉዳይ አይደለም፤ ስለ አንዲት አሮጌ ቮልስዋገንና ስለ ባትሪዋ ነው። አንባቢ ሆይ፣ «ባትሪንና ሥነ ጽሑፍን ምን አገናኛቸው?» ብለህ ከመሄድህ በፊት ጥቂት ታገሠኝ።

የምኖረው በሚኒሶታ ነው። እዚህ ክረምት ማለት የሐምሌ ዝናብና የተጠበሰ በቆሎ አይደለም። ከኅዳር እስከ መጋቢት ምድሩ በበረዶ ይሸፈናል፤ ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪን አልፎ የሚወርድበት ሌሊት አለ። በረዶውን ለማቅለጥ በየመንገዱ የሚነሰነሰው ጨው ደግሞ የመኪናን ብረት ይበላል። ስለዚህም አሮጌ መኪና ያለው ሰው መኪናውን ጋራዥ ውስጥ ዘግቶ ጸደይን ይጠብቃል። እኔም እ.ኤ.አ. የ1969 ሥሪት የሆነችውን ቮልሴን እንዲሁ አደርጋለሁ።

ክርክሬ ከዚህ ይጀምራል። የቮልስ አፍቃሪ የሆኑ ወገኖቼ ቡና ላይ በተገናኘን ቁጥር በአንድ ቃል የሚመክሩት ምክር አለ፤ «በየሳምንቱ አሥር ደቂቃ አስነሣት፤ ባትሪዋ አይሞትም» ይላሉ። ይህ ምክር ስሕተት ነው። ስሕተት ብቻም አይደለም፤ ለስንፍና የፍቅርን ልብስ የሚያለብስ ምክር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሞተሩ ዘይት በብርድ ስለሚወፍር፣ ሞተሪኖው ሞተሩን ለማዞር ከባትሪው ብዙ ኃይል ይስባል። የዚያ ዘመን ቮልሶች ደግሞ ባትሪያቸውን የሚሞሉት በዲናሞ ነው፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ዲናሞ የሚሰጠው ኃይል ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በፍጥነት መለኪያው ውስጥ ያለችው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም የምትለው ይህንኑ ስትናገር ነበር፤ የሚሰማት ግን የለም። ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ስለሚጠፋም፣ ከቃጠሎው የወጣው እንፋሎት በማርሚታውና በዘይቱ ውስጥ ውኃ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ አሥር ደቂቃው ባትሪውን ሳይሞላ ማርሚታውን ለዝገት አሳልፎ ይሰጣል። የተጠቀመው ማን ነው? የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ልቡ የረካው ባለቤት ብቻ።

ይህን የምጽፈው ከሰው ሰምቼ አይደለም። በመጀመሪያው ክረምት እኔም ምክሩን ተቀብዬ ነበር። ለአምስት ሳምንት ያህል አስነሣሁ፤ ከዚያ በሥራ ተወጠርሁና ተውሁት። በሚያዝያ የኋላውን ወንበር ሳነሣ (የቮልስ ባትሪ ማደሪያው ከዚያ ሥር ነውና) ባትሪው ጎኑ ተሰንጥቆ፣ አሲዱ ፈስሶ የመኪናዋን ወለል ሲበላው አገኘሁ። ባትሪ ኃይሉ ሲያልቅ አሲዱ ወደ እርሳስ ሳህኖቹ ይገባል፤ የሚቀረው ፈሳሽ ወደ ተራ ውኃ ይቀርባል። ሙሉ ባትሪ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ላይ እንኳ አይረጋም። ባዶው ግን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ላይ በረዶ ይሆናል፤ በረዶም ሲሆን ይሰፋል፤ ሲሰፋም ማቀፊያውን ይሰነጥቃል።

ያን ቀን አባቴ ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ ሳለን፣ እሑድ እሑድ እኛን ልጆቹን ከኋላ ወንበር አስወርዶ፣ ወንበሩን አንሥቶ፣ የባትሪውን ክዳኖች አንድ በአንድ እየከፈተ ውኃውን ያይ ነበር። ጎድሎ ሲያገኘው የተጣራ ውኃ ይጨምራል፤ በጫፎቹ ላይ የወጣውን ነጭ ዱቄት ይጠርጋል። መኪናውን ስለ መውደዱ አንድ ቀን እንኳ ሲናገር አልሰማሁም። እኔ ግን ስለ ቮልስ ግጥም ጽፌአለሁ!

«ባትሪ ምን ችግር አለው? በጸደይ አዲስ ይገዛል» የሚሉም አሉ። ባትሪውስ ይገዛል፤ አሲድ የበላው ወለል ግን ተቆርጦ አዲስ ብረት ሊበየድበት ነው። ሳይሰነጠቅ የተረፈው ባትሪም ቢሆን፣ ለወራት ባዶውን ከተቀመጠ በሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጠጥርበታል፤ በኋላ ቢሞሉት የቀድሞ አቅሙን አያገኝም። በሚያዝያ ከጎረቤት መኪና በኬብል ኃይል ተበድሮ ማስነሣት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። በአንጻሩ ደግሞ፣ መቆጣጠሪያ የሌለውን የድሮ ቻርጀር ክረምቱን ሙሉ ሰክተው የሚረሱ አሉ፤ እነርሱም የባትሪውን ውኃ አፍልተው ሳህኖቹን ያደርቃሉ። ሁለቱም ወገን በአንድ ነገር ይስማማል፤ ተመልሶ ማየት አይወድም።

መፍትሔው ለወሬ የማይመች ትንሽ ነገር ነው። መኪናዋ ከመዘጋቷ በፊት ባትሪውን ኔጋቲቩን ጫፍ አስቀድሞ ፈትቶ ማውጣት፤ አየር በሚገባበት፣ እሳት በሌለበት ቦታ እስኪሞላ ድረስ መሙላት። ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን የሚቀጣጠል ነውና። አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ከዚያም ባትሪው ሲሞላ ኃይሉን ራሱ ዝቅ የሚያደርግ አነስተኛ ቻርጀር መሰካት፤ ይህ ከሌለ በየወሩ ለክቶ ወደ 12.4 ሲወርድ እንደገና መሙላት ነው። ብርዱ ለሞላ ባትሪ ጠላቱ አይደለም፤ እንዲያውም በብርድ በራሱ የሚያጣው ኃይል ከሙቀቱ ጊዜ ያነሰ ነው። ገዳዩ ብርዱ ሳይሆን ባዶነቱ ነው።

ወዳጆቼ በዚህ ጽሑፍ እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። የሞተሩ ድምፅ ናፍቆት ያስታግሳል፤ አልክድም። ነገር ግን ናፍቆታችንን ለማስታገሥ ብለን የናፈቅነውን ነገር መግደል አይገባንም።

ግጥሙ ዛሬም በመሳቢያዬ ውስጥ አለ። ቻርጀሩ ደግሞ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ፣ ትንሿ አረንጓዴ መብራቱ ትታያለች። ከሁለቱ የትኛው ፍቅር እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ቸር ይግጠመን።