ነፋስ ጠቋሚ የሚሠራ ወርክሾፕ ያዋጣል ወይ?

በመቀሌ የብረታ ብረት ሥራ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው በር፣ መስኮትና የግቢ አጥር ነው። አብዛኛው ብየዳ ቤት አንድ ዓይነት ዕቃ ይሠራል፤ ስለዚህ ፉክክሩ በዋጋ ብቻ ይሆናል። በዋጋ ብቻ የሚፎካከር ሰው ደግሞ መጨረሻው ላሜራውን ማሳሳት ነው። በእኔ እምነት ከመካከላችን ተመርቆ ትንሽ ወርክሾፕ ለመክፈት የሚያስብ ካለ፣ ከበርና መስኮቱ ጎን ለጎን ጎረቤቱ የማይሠራውን አንድ ዕቃ መያዝ አለበት። ለምሳሌ በእጅ የተሠራ የነፋስ አቅጣጫ ጠቋሚ።

"እሱን ደግሞ ማን ይገዛዋል?" የምትሉ አትጠፉም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዕቃው ግን እንደምናስበው እንግዳ አይደለም። በአቴና የነፋሳት ግንብ በሚባለው ጥንታዊ ሕንፃ አናት ላይ ከነሐስ የተሠራ ጠቋሚ ነበር። በአውሮፓ ቤተ ክርስቲያኖች ጣራ ላይ የሚዞረው አውራ ዶሮም ሥራው ይኸው ነው። እኛም ብንሆን ጣራን በጉልላት ማስጌጥ ከጥንት የለመድነው ነው። ገበሬያችንም በአውድማ ላይ መንሹን ከማንሳቱ በፊት ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ያያል። ከመቀሌ በስተደቡብ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 84 ተርባይኖችና 120 ሜጋ ዋት አቅም ይዞ ነበር የተተከለው፤ እንዲህ ያለ ተርባይን ፊቱን ወደ ነፋሱ የሚያዞረው አናቱ ላይ ያለ መለኪያ አቅጣጫውን ሲነግረው ነው። እንግዲህ ትምህርት ቤት ለጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ፣ ሎጅና ሆቴል ደግሞ ለጌጥ ሊገዙት ይችላሉ። አውራ ዶሮውን መቅዳት አያስፈልግም። ከአፋር አሞሌ ጨው ጭኖ ወደ መቀሌ ይመጣ የነበረው ግመል እያለልን!

ዕቃው ሲያዩት ቀላል ነው፣ ግን ተንኮል አለው። የፊቱና የኋላው ክብደት እኩል መሆን አለበት፤ ስፋታቸው ግን እኩል መሆን የለበትም። ጅራቱ ሰፊ ሲሆን ነፋሱ እሱን ይገፋና ጫፉ ነፋሱ ወደሚመጣበት ይዞራል። ቋሚው ብረት በቱንቢ ካልተስተካከለ ዕቃው የሚያመለክተው ነፋሱን ሳይሆን የራሱን ክብደት ነው። ኩሽኔታው አቧራና ዝናብ እንዳይገባው ካልተከደነ ብዙም ሳይቆይ ይነክሳል። ፊደሉም ቢሆን ያስቸግራል፦ ምሥራቅም ምዕራብም በ"ም" ስለሚጀምሩ "ምሥ" እና "ምዕ" ብሎ መቁረጥ ግድ ነው። ለጌጥ የተሠራውን "ለሜትሮሎጂ መለኪያ ይሆናል" ብሎ መሸጥ ግን ማታለል ነው።

ዋናው ጉዳይ ዋጋው ላይ ነው። ብዙ ባለሙያ የላሜራውን፣ የቱቦላሬውንና የኤሌክትሮዱን ሒሳብ ይደምርና ትንሽ ትርፍ ይጨምርበታል። የራሱን ሰዓት ግን አይቆጥርም። እንበል ማቴሪያሉ 1,500 ብር ቢፈጅና ሥራው ሁለት ቀን ቢወስድ፣ በ2,000 ብር የሸጠው ሰው በቀን 250 ብር አገኘ ማለት ነው፤ ከዚያ ላይ መብራት፣ ኪራይና የተበላሸው ብረት ሲቀነስ ምን ይተርፋል? በተለይ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዛሬ የሸጥነውን ዕቃ በትናንቱ የብረት ዋጋ ማስላት ካፒታልን መብላት ነው። ዋጋ መተመን ያለበት ነገ ላሜራውን በምንገዛበት ሒሳብ ነው።

"በጦርነት የወደመ ከተማ ውስጥ ስለ ጌጥ ታወራለህ?" የሚለኝም ይኖራል። ልክ ነው፣ ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ባንክ ተዘግቶ መብራትም ጠፍቶ በነበረበት ከተማ ካፒታል የሚባል ነገር ተሟጧል። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላም ስንቱ ወጣት ስደትን መረጠ። እኔ ግን ነገሩን የማየው ገልብጬ ነው። ገንዘብ የሌለው ሰው ብዙ ብረት የሚበላ ዕቃ መሥራት አይችልም። ጥቂት ብረትና ብዙ ጥበብ የሚጠይቅ ዕቃ ነው የሚያዋጣው። ነፋስ ጠቋሚ ከቁርጥራጭ ላሜራም ይወጣል። በርና መስኮቱ የዕለት እንጀራ ይሁን፤ ጠቋሚው ደግሞ በትዕዛዝ፣ ቀብድ ተቀብሎ ይሠራ። ካልተሸጠም የጠፋው ቁርጥራጭ ብረትና ጥቂት ቀን ነው።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እሱም ንቀታችን ነው። አፄ ምኒልክ ባለሙያ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው። ዛሬ "ቀጥቃጭ" ብሎ የሚሳደብ ቢቀንስም፣ በዲግሪ ተመርቆ መበየጃ የያዘን ልጅ "ምነው፣ ሥራ አጣህ እንዴ?" የሚል ሞልቷል። እሱ እኮ ሥራ ላይ ነው! ጠያቂው ነው ገና ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የቆመው።

ስለዚህ የክፍላችን ተማሪዎች የመመረቂያ ፕሮጀክት ስንመርጥ ወረቀት ላይ ከሚቀር ንድፍ ይልቅ ጣራ ላይ ወጥቶ የሚዞር፣ ዋጋው የተሰላና ገዢ የተገኘለት አንድ ዕቃ ብናቀርብ መልካም ይመስለኛል። ሐሳቡ ያልተዋጠለት ካለ በሚቀጥለው ዕትም ይሞግተኝ።