የመኖ ኢንዛይም በከተማ ዶሮ እርባታ፡ ጥቅሙ፣ ወሰኑና አርቢው ሊያውቀው የሚገባ

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ ከተደረገ ወዲህ ዶሮ እርባታ በከተሞችም ሰፊ ትኩረት አግኝቷል። በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በግቢያቸው ዶሮ የሚያረቡ ነዋሪዎች ከገጠሩ አርቢ የሚለዩበት አንድ ዐቢይ ጉዳይ አለ፤ ዶሮዎቻቸው ጭረው የሚለቅሙት መስክ ስለሌላቸው የሚመገቡት ሁሉ በገንዘብ የተገዛ ነው። በዘመናዊ ዶሮ እርባታ ከጠቅላላ ወጪው ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ለመኖ እንደሚውል ይታወቃል። በመሆኑም ከተገዛው መኖ ሳይፈጭ ከኩስ ጋር የሚወጣው ክፍል የአርቢው ቀጥተኛ ኪሳራ ነው።

ሳይፈጭ የሚወጣው ምንድን ነው?

በቆሎ፣ የስንዴ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎና አኩሪ አተር የዶሮ መኖ ዋና ዋና ግብአቶች ናቸው። በእነዚህ ውስጥ ካለው ፎስፈረስ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ፋይቴት ከተሰኘ ንጥረ ነገር ጋር የታሰረ በመሆኑ ዶሮ በራሷ አቅም እምብዛም አትጠቀምበትም። ፋይቴት ካልሲየምንና ዚንክንም አስሮ ይይዛል። ፋይቴዝ የተባለው ኢንዛይም ይህን እስር በመፍታት ማዕድናቱ ለአጥንት፣ ለዕድገትና ለእንቁላል ቅርፊት እንዲውሉ ያደርጋል።

ፉርሽካ የበዛበት መኖ ሌላም ችግር አለበት። በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚገኙት አንዳንድ የአሰር ዓይነቶች በአንጀት ውስጥ እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ስለሚፈጥሩ የምግብ ልመትን ያዘገያሉ። ያልተፈጨው ምግብም ለጎጂ ባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል፤ ኩሱ ይረጥባል፤ ጉዝጓዙ ይበሰብሳል፤ የአሞኒያ ሽታ ይበረታል። ቤት ከቤት በተጠጋጋበት ሰፈር ይህ ሽታ የጎረቤት ቅሬታ ጭምር ያስከትላል። ዛይላኔዝና ቤታ ግሉካኔዝ የተባሉት ኢንዛይሞች እነዚህን አሰሮች በመሰባበር የአንጀትን ጤንነት ይጠብቃሉ።

ኢንዛይም መድኃኒት አይደለም

ኢንዛይም ፈንግልን ወይም ጉምቦሮን አይከላከልም፤ ክትባትንና ንጽሕናን አይተካም። ይሁን እንጂ ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒትን ለዕድገት ብሎ በመኖ ውስጥ መጨመር እንዲቀር የሚያግዝ አማራጭ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ልማድ ከታኅሣሥ 1998 ዓ.ም. ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ከልክሏል፤ ምክንያቱም በመድኃኒት የማይበገሩ ባክቴሪያዎች ከዶሮው ወደ ሰው ሊተላለፉ ስለሚችሉ ነው።

መቼ ያዋጣል?

ኢንዛይም የራሱ ምግብነት የለውም፤ በመኖው ውስጥ ያለውን ይፈታል እንጂ የጎደለውን ፕሮቲን አይሞላም። ፋይቴዝ ወጪ የሚቀንሰው በመኖው ቀመር ውስጥ የአጥንት ዱቄት ወይም ሌላ የፎስፈረስ ግብአት በዚያው ልክ ሲቀነስ ነው። ቅነሳውም በግምት ሳይሆን በባለሙያ ስሌት መሆን ይኖርበታል። ዛይላኔዝም በቆሎ ከበዛበት ይልቅ ስንዴና ፉርሽካ በበዛበት መኖ የበለጠ ውጤት ያሳያል።

መጠኑም ጥንቃቄ ይሻል። ለአንድ ኪሎ ግራም መኖ የተለመደው የፋይቴዝ መጠን 500 ዩኒት ነው። በአንድ ግራም 5,000 ዩኒት የያዘ ምርት ቢገዛ ለአንድ ኩንታል መኖ የሚያስፈልገው 10 ግራም ብቻ ነው። ይህን ያህል ጥቂት ዱቄት በኩንታል ላይ በቀጥታ ቢበተን ለአንዷ ዶሮ በዝቶ ለሌላዋ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ አስቀድሞ ከአንድ ኪሎ የላመ መኖ፣ ቀጥሎ ከአሥር ኪሎ፣ በመጨረሻም ከቀሪው ጋር ደረጃ በደረጃ ማደባለቅ ተገቢ ነው። ኢንዛይም በባሕርዩ ፕሮቲን በመሆኑ ከፍተኛ ሙቀትና እርጥበት ያበላሹታል፤ በቀዝቃዛና ደረቅ ስፍራ መቀመጥ አለበት።

ከግዥ በፊት

የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር በአዋጅ ቁጥር 728/2004 የተደነገገ ሲሆን የቁጥጥሩን ሥራ የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ያከናውናል። አርቢዎች ምርቱ የተመዘገበ መሆኑን፣ የኢንዛይሙ ዓይነትና የዩኒት መጠን በማሸጊያው ላይ መገለጹን እንዲሁም የአገልግሎት ዘመኑ አለማለፉን ማረጋገጥ ይጠበቅባቸዋል። የተዘጋጀ መኖ የሚገዙ አርቢዎች ደግሞ ኢንዛይም አስቀድሞ የተጨመረበት መሆኑን አቅራቢውን መጠየቅ ይገባቸዋል፤ ደግሞ መጨመር ብዙውን ጊዜ ተደራራቢ ወጪ ነውና። ስለ መኖ ቀመር ጥያቄ ያላቸው ነዋሪዎች የሚጠቀሙባቸውን ግብአቶች ዝርዝርና መጠን ይዘው በየወረዳቸው የሚገኘውን የከተማ ግብርና ባለሙያ ቢያማክሩ ለራሳቸው መኖ የሚስማማ ምክር ለማግኘት ይረዳቸዋል።