«ወተት አልተስማማውም» በቂ ቃል አይደለም

በታኮማ ፓርክ ወይም በሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አማርኛ ተናጋሪ እናት የጨቅላዋን ሕመም ለሐኪም ስታስረዳ «ወተት አልተስማማውም» ማለቷ የተለመደ ነው። ይህ አነጋገር እጅግ የተራራቁ ሁኔታዎችን በአንድ ስም ይጠራል። አንደኛው በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል፤ ሁለተኛው በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ቀስ ብሎ ይገለጣል፤ ሦስተኛው ከነጭራሹ በሽታ አይደለም። ብዙዎቻችን ጉዳዩን የእናቶች የጓዳ ወግ አድርገን እንተወዋለን። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ግን ይህ የቋንቋ መብት፣ ስለዚህም የፖሊሲ ጥያቄ ነው የሚል ነው።

የላም ወተት አለርጂ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የወተትን ፕሮቲን እንደ ጠላት ሲቆጥር የሚፈጠር ነው። በበለጸጉ አገሮች ከ100 ሕፃናት ከ2 እስከ 3 ያህሉን እንደሚይዝ ይገመታል። ፈጣኑ ዓይነት ወተት ከተወሰደ ከደቂቃዎች እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ይታያል፤ ምልክቶቹም የቆዳ ሽፍታ፣ የከንፈርና የዐይን ቆብ እብጠት፣ ማስመለስ፣ ሳልና ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ናቸው። ሕፃኑ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ሰውነቱ ከዛለ ወዲያውኑ 911 መደወል ያስፈልጋል። ዘግይቶ የሚመጣው ዓይነት በሰገራ ውስጥ በሚታይ ደም ወይም ዝልግልግ ፈሳሽ፣ በማያባራ ተቅማጥ፣ በሚብስ ችፌ፣ ክብደት ባለመጨመር ይታወቃል። ይህን ዓይነት የተለመደው የቆዳና የደም ምርመራ አይለየውም፤ ሐኪም ወተትን ለጥቂት ሳምንታት አስቁሞ መልሶ በማስጀመር ያረጋግጠዋል። በደንብ እያደገ ያለ ሕፃን ከጠባ በኋላ ጥቂት ማቅረሸቱ ግን ጤናማ ነገር ነው።

እነዚህን ለመለየት ቁልፉ ጥያቄ «ከጠጣ ከምን ያህል ጊዜ በኋላ?» የሚለው ነው። አማርኛና እንግሊዝኛ የሚጋጩትም እዚሁ ላይ ነው። «በሁለት ሰዓት አስመለሰው» ማለት «ከጠጣ ሁለት ሰዓት ቆይቶ» ወይም «ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ» ሊሆን ይችላል፤ የኋለኛው በአሜሪካ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ነው። የአሥር ዓመት ታላቅ እኅት ለእናቷ ስታስተረጉም ይህን ልዩነት ታስተውላለች ብሎ መጠበቅ ግዴለሽነት ነው።

«በአገራችን እኮ አለርጂ የሚባል ነገር አልነበረም» የሚሉ አሉ። ያልነበረው ስሙ ነው። በአማራ ክልልና በሌሎችም የኢትዮጵያ አካባቢዎች ሕፃን ደጋግሞ ሲያስመልስና ሲያስቀምጠው እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት የኖረ ልማድ ነው። የእነዚያ ሁሉ ሕፃናት ሕመም የወተት አለርጂ ነበር ማለቴ አይደለም። ምክንያቱ ያልታወቀ ምልክት ስለት እንደሚጋብዝ ግን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። እዚህ ደግሞ በስለቱ ምትክ ምክር ይዘንባል፤ «ጡት አስጥዪው»፣ «የፍየል ወተት ስጪው» ይባላል። የፍየል ወተት ፕሮቲን ከላሙ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል አለርጂ ያለበትን ሕፃን አያድነውም። ጡት ማስጣልም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ ካስፈለገ እናቲቱ በሐኪም ምክር ከምግቧ ወተትና ቅቤ ታስወጣለች። «የጾም ነው?» ብሎ መጠየቅ ለለመደ ማኅበረሰብ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቅቤው ጭልፋ የሽሮውን ድስት እንዳይነካ መጠንቀቅ ግን ግድ ይላል።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። በእንግሊዝ በ2006 ወደ 105,000 ገደማ የነበረው ለዚህ አለርጂ የሚጻፍ የልዩ ፎርሙላ ማዘዣ በ2016 ከ600,000 በላይ ደርሷል። በ2018 ቢኤምጄ የተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጣው ምርመራ ሕመሙ በዚያው ልክ ስለመጨመሩ ማስረጃ አለመኖሩን ገልጾ፣ የፎርሙላ አምራቾችን ተጽዕኖ አጋልጧል። ስለዚህ የምንጠይቀው ተጨማሪ ቆርቆሮ ሳይሆን ትክክለኛ ጥያቄ በትክክለኛ ቋንቋ ነው።

ሕጉ አለ። የ2010ሩ የጤና መድን ሕግ አንቀጽ 1557 የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ የጤና ተቋማት ብቁ አስተርጓሚ በነጻ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ሕፃናትን በአስተርጓሚነት መጠቀምን ይከለክላል። በመጋቢት 2025 እንግሊዝኛን ይፋዊ ቋንቋ ያደረገው ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝም ይህን ሕግ አልሻረውም። ታኮማ ፓርክን በምታዋስነው ዋሽንግተን ዲሲም የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን ያገለግላል።

የጎደለው ጠያቂ ነው። ታኮማ ፓርክ ዜግነት የሌላቸው ነዋሪዎቿ በከተማ ምርጫ እንዲሳተፉ ከፈቀደች ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል። ምክር ቤቷ ክሊኒክ አያስተዳድርም፤ የሞንትጎመሪ ካውንቲን ግን መጎትጎት ይችላል። ጥያቄያችን አንድ ገጽ ነው፤ ምልክቶቹንና የሚታዩበትን ጊዜ በአማርኛ፣ በትግርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚዘረዝር፣ በየሕፃናት ክሊኒኩና በየደብልዩ አይ ሲ ቢሮው የሚሰጥ ወረቀት። ለጉባኤና ለመግለጫ ጊዜ የማያጡት ማኅበሮቻችን ይህን አንድ ገጽ በቀጣዩ የምክር ቤት ስብሰባ ያቅርቡት።