ጭራቁ ማን ነው?

በዚህ ወር «ፍራንከንስታይን» ስለ ተባለው የእንግሊዝ ልብ ወለድ ጥቂት ልንነግራችሁ እንወዳለን። ብዙ ሰዎች ታሪኩን የሚያውቁት በሲኒማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 የተሠራው ፊልም ቃል የማይወጣው፣ የሚያጓራ ፍጡር አሳይቷልና። ስለዚህ መጽሐፉን የሚገልጥ ሰው የሚጠብቀው እንቅልፍ የሚነሣ የጭራቅ ተረት ነው። የሚያገኘው ግን ሌላ ነው።

ደራሲዋ ሜሪ ሼሊ እ.ኤ.አ. በ1816 በጄኔቭ ሐይቅ አጠገብ ሆና ታሪኩን ስትጀምር ገና የ18 ዓመት ወጣት ነበረች። መጽሐፉም በ1818 ለንደን ውስጥ ሲታተም ስሟ አልተጻፈበትም።

በመጀመሪያ፣ ፍራንከንስታይን የጭራቁ ስም ሳይሆን የሠሪው ስም ነው። ፈጣሪ መባል ለእግዚአብሔር ብቻ የሚገባ ነውና ሠሪ እንለዋለን። ይህ ወጣት ተማሪ ከሙታን አካል ሰው መሳይ ፍጡር አበጅቶ ሕይወት እንዲዘራ ያደርገዋል። ፍጡሩ ዓይኑን በገለጠ ጊዜ ግን መልኩን ተጸይፎ ጥሎት ይሸሻል፤ ስም እንኳ አያወጣለትም።

ሁለተኛም፣ ፍጡሩ ይናገራል፤ ያውም በተዋበ አንደበት። በአንድ ድኻ ቤተ ሰብ ጎጆ አጠገብ ተሸሽጎ ንግግርና ንባብ ይማራል፤ ሌሊት ሌሊትም ሳይታይ እንጨት ያቀርብላቸዋል። ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ በደግነት ያነጋግረዋል፤ ልጁ ግን ባየው ጊዜ ደብድቦ ያባርረዋል። በኋላም ልቡ በቂም ተሞልቶ የሠሪውን ታናሽ ወንድም፣ ገና ሕፃኑን፣ ይገድላል።

ይህን ግፍ መጽሐፉ አያጸድቅም፤ እኛም አናጸድቅም። ነገር ግን አንባቢው ጭራቁን ሊፈርድበት ተቀምጦ ሳለ፣ ጥሎት በሸሸው ሰው ላይም መፍረድ ግድ ይሆንበታል። ያ ፍጡር ከመጀመሪያይቱ ቀን ጀምሮ የሚያሳድገው ቢያገኝ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

ይህ ጥያቄ የእኛም የወላጆች ነው። ጠባዩ ስለ ከበደ ወይም በትምህርቱ ስለ ወደቀ «ከእንግዲህ ልጄ አይደለህም» የሚባል ልጅ በየሰፈሩ አለ። መውለድ ብቻውን አባት አያሰኝም። ሐዋርያው ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ፣ ልጆችን ሳያስመርሩ ኮትኩቶ ማሳደግ የአባቶች ግዴታ መሆኑን አስተምሯል።

መጽሐፉ ለሕፃናት አይሆንም። ለጎለመሱ ልጆች ግን ወላጆች አብረው ቢያነቡትና ካነበቡ በኋላ «ጭራቁ ማን ነው?» ብለው ቢጠይቋቸው መልካም ነው። መልሱንም በትዕግሥት ያድምጡ።