ዲሽቃውን አየን፤ ጭነቱን አላየንም

በወልድያና በአካባቢዋ መምህራንና የባህል ሠራተኞች በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድ አስተያየት እየተደጋገመ ይሰማል። ይኸውም «ልጆቻችን ከሽቦና ከቆርቆሮ የሚሠሯቸው መኪናዎች ዛሬ ዛሬ መትረየስ የተጠመደባቸው የጦር ተሽከርካሪዎች ሆነዋል፤ ይህ የጦርነት ባህል ነው፤ ከሥሩ ተነቅሎ መጣል አለበት» የሚል ነው። አስተያየቱ ከመልካም አሳቢነት የመነጨ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን መልካም አሳቢነት ብቻውን ለትክክለኛ ፍርድ ዋስትና ሆኖ አያውቅም። ይህ ጽሑፍ አስተያየቱ ስሕተት መሆኑን፣ ስሕተቱም ከልጆች ጨዋታ አልፎ ስለ ኪነ ጥበብ ያለንን ግንዛቤ የሚነካ መሆኑን ለማሳየት የተነሣ ነው።

ከአንድ ገጠመኝ እንጀምር። ስሙን መጥራት በማያስፈልግ አንድ ትምህርት ቤት አንድ መምህር ከተማሪዎቻቸው የነጠቋቸውን መጫወቻዎች በካርቶን አጭቀው አሳዩኝ። በካርቶኑ ውስጥ ከሰርዲን ጣሳ የተሠራ፣ በስተኋላው የእስክሪብቶ ቀፎ እንደ ዲሽቃ የተጠመደበት ፒክአፕ ነበረ። ጎኑ በዘይት ጀሪካን ቁራጭ የተሸፈነ፣ መስኮቱ እንደ ክር የጠበበ ብረት ለበስ ነበረ። ቆርኪ ከቆርኪ ተያይዞ ሰንሰለት የሆነለት ታንክም ነበረ። ጎማዎቹ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ በምላጭ ተቆርጠዋል፤ ፕላስቲኩ በጋለ ምስማር ተበስቷል፤ መገጣጠሚያው በቀለጠ ፌስታል ተጣብቋል። ከሁሉ በታች አንድ የሽቦ አይሱዙ ተቀምጧል። በላዩ ከክብሪት እንጨት የተሠሩ፣ ከጥፍር የማይበልጡ ብዙ ነገሮች ተከምረውበታል። መምህሩ ስለ ፒክአፑና ስለ ታንኩ ብዙ ተናገሩ፤ ስለ አይሱዙው ግን አንድም ቃል አላነሡም። ሠሪው ልጅ ተጠርቶ ሲመጣ፣ «ይህ መኪና ምን ጭኖ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ዴስክ ነው ጋሼ፤ የክፍላችን ዴስክ» አለኝ።

«ባለ ዲሽቃውስ?»

«እሱማ አጃቢው ነው።»

ወልድያ ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በትግራይ ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ነበረች። በእነዚያ ወራት በሰሜን ወሎ ትምህርት ቤቶችና የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ተሰባብረዋል። ከዚያ ወዲህም የተኩስ ድምፅ ከአካባቢው ጨርሶ አልራቀም። ይህ ልጅ በዚያን ጊዜ ገና ፊደል የሚቆጥር ነበረ። ዛሬ በጣሳና በክብሪት እንጨት የሠራው ነገር እንግዲህ የጀግንነት ሕልም አይደለም። ያየውን መዝግቦ ማቆየቱ ነው። ማን እንደ ጫነ፣ ምን እንደ ተጫነ፣ ማን እንዳጀበ በቅደም ተከተል አስቀምጦታል። መምህሩ ግን ዲሽቃውን አዩ እንጂ ጭነቱን አላዩም። የመላው ክርክራችን ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ በቅርጹ ደንግጠን ይዘቱን ሳናነብ ሥራውን ወረስነው።

ለመሆኑ የሽቦ መኪና ከመቼ ወዲህ ነው መንገዱ ላይ የሌለ ነገር የሠራው? ወልድያ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ያቋርጣታል፤ ቻይናዎች የሠሩት መንገድም ከእርሷ ተነሥቶ ደጋውን እየወጣ ወደ ወረታ ያቀናል። በዚህ መንገድ ዳር ያደገ ልጅ ሁሉ መኪና ሠሪ ነው። በጎዳናው ላይ ኤንትሬ ሲያቃስት የነበረ ጊዜ የልጆቹም ሽቦ ኤንትሬ ነበረ። አይሱዙ ሲመጣ አይሱዙ፣ ሲኖትራክ ሲመጣ ሲኖትራክ፣ ባጃጅ ሲመጣም ባጃጅ ሆነ። መርሳ ላይ፣ ከሀብሩ የፍራፍሬ ማሳዎች ብርቱካንና ማንጎ እየተጫነ ሲወጣ ያዩ ልጆች ከጭቃ ብርቱካን አድበልብለው በሽቦ መኪናቸው ሲጭኑ ማየት እንግዳ ነገር አልነበረም። በዚያን ጊዜ ማንም ተነሥቶ «እነዚህ ልጆች ነጋዴዎች ሊሆኑ ነው፤ መኪናቸው ይወረስ» ያለ አልነበረም። መንገዱ ብርቱካን ሲያሳልፍ ብርቱካን የጫነው ሽቦ፣ መንገዱ ዲሽቃ ሲያሳልፍ ዲሽቃ ቢሸከም ጥፋቱ የማን ነው? የሽቦው ወይስ የመንገዱ? የልጁ ወይስ መንገዱን ለዲሽቃ የከፈትነው የእኛ የትልልቆቹ?

የመጫወቻ መኪናን ወደ ጦር መኪና መለወጥ በሌላው ዓለም ስምና ደንብ ያለው የትልልቅ ሰዎች ሥራ መሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1953 «ማችቦክስ»፣ በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1968 «ሆት ዊልስ» የተባሉት ከመዳፍ የማይበልጡ የብረት መኪናዎች ለገበያ ቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ማይክ ሀቺንሰን የተባለ እንግሊዛዊ «ጋስላንድስ» የተሰኘ የጠረጴዛ ጨዋታ ደንብ አሳተመ። ተጫዋቾቹ እነዚያን ትንንሽ መኪናዎች ይገዛሉ፤ በላያቸው መትረየስ ያጣብቃሉ፤ ጎናቸውን በሽቦ ወንፊት ያለብሳሉ፤ አዲሱን ቀለም አጥፍተው በስፖንጅ የዝገት ቀለም ይቀባሉ። ከዚያ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ርቀቱን በተቆረጠ ካርቶን እየለኩ፣ ዕጣውን በዳይ እየጣሉ፣ ዓለም ከፈራረሰች በኋላ የሚደረግ የመኪና ፍልሚያ ይጫወታሉ። የዚህ ዓይነቱን ምስል ለዓለም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው «ማድ ማክስ» የተባለው የአውስትራሊያ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሚለር ሐኪም ነበረ፤ በመኪና አደጋ የተቀጠቀጡ ሰዎችን በሆስፒታል ሲያክም የኖረ ሰው ነው። እርሱም እንግዲህ ያየውን ነው የሠራው።

ይህን የምናነሣው ባዕድ ነገር ይምጣልን ለማለት አይደለም። እንዲያውም ንጽጽሩ ልዩነቱን ያጎላል። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የዓለም መጨረሻ የነገ ቅዠት ነው፤ በእኛ ዘንድ የትናንት ትዝታ ነው። እነርሱ አዲሱን መኪና አሮጌ ለማስመሰል ዝገት ይገዛሉ፤ የእኛ ልጅ ዝገቱን ከደጁ ያነሣል። እነርሱ ጨዋታው ሲያልቅ መኪናቸውን ወደ መደርደሪያ ይመልሳሉ፤ የእኛ ልጅ ጨዋታው ሲያልቅ ዴስክ ወደሌለበት ክፍል ይገባል። ይሁንና ከእነርሱ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ያን ሥራ ሥራ ነው ብለው ቆጥረውታል፤ ደንብ ሰጥተውታል፤ እጅ የሚፍታታበት ጥበብ መሆኑን አውቀውለታል። እኛ ደግሞ ከእነርሱ የሚበልጥ እውነት የያዘውን ሥራ በካርቶን አፍነነዋል።

«ጨዋታ ጦርነትን ያስተምራል» የሚሉ ወገኖች አንድ ታሪክ ቢያስታውሱ መልካም ነው። ታዋቂው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 በአሻንጉሊት ወታደሮች ስለሚደረግ የጦር ጨዋታ አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ ከእውነተኛው ጦርነት ይልቅ የአሻንጉሊቱ እንደሚሻል አጥብቆ ተከራከረ። በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ጨዋታው ጦርነቱን አላስቀረውም፤ ነገር ግን ጦርነቱን ያመጣውም ጨዋታው አልነበረም። ጦርነትን የሚያመጡት ሰዎች በጣሳ አይጫወቱም።

የእኛም አባቶች ይህን ያውቁ ነበር። በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ የደነገጉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጨዋታ ከሹመትና ከቁጣ በላይ የሆነ የራሱ ሜዳ እንዳለው ስላመኑ ነው። ሰንጠረዣችንም የጦር ጨዋታ ነበረ። በሰንጠረዥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ይህ ምዕራፍ «ወረራ» ይባል ነበር። አንድ ጠጠር ከተበላ በኋላ ግን ሁሉም ወደ ተራው ይመለሳል። ወረራ የራሱ ወሰን እንዳለው፣ ከመጀመሪያው ሞት በኋላም ሰው ቆም ብሎ ተራውን መጠበቅ እንዳለበት ያ ጨዋታ ያስተምር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንዲህ ያለ ጨዋታ ያወረሱን አባቶች ልጆች ሆነን ዛሬ የልጆቻችንን ጣሳ ከመንጠቅ የተሻለ ዘዴ ጠፋን?

ከዚህም በላይ አስተያየቱ እርስ በርሱ ይቃረናል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስቀለጡት ሴባስቶፖል ዛሬም በዚሁ በወሎ ምድር በመቅደላ ላይ ተቀምጧል። አምሳያው በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ተማሪዎችን እየመራን እናሳያቸዋለን፤ ፎቶግራፍ እናስነሣቸዋለን፤ «ይህ የጥበብና የነፃነት ምልክት ነው» እንላቸዋለን። ትክክልም ነው። ነገር ግን በአደባባይ የቆመውን የንጉሥ መድፍ ቅርስ ብለን፣ በልጅ እጅ የተሠራውን የጣሳ መድፍ ወንጀል የምንለው በምን መለኪያ ነው? የንጉሡ መድፍ የታሪክ ምስክር ከሆነ የልጁም ጣሳ የታሪክ ምስክር ነው። ልዩነቱ አንደኛው በነሐስ፣ ሌላው በሰርዲን ጣሳ መሠራቱ፣ አንደኛው የንጉሥ ስም ሲኖረው ሌላው ስም የሌለው መሆኑ ብቻ ነው።

እርግጥ ነው፣ ከተቃዋሚዎቻችን ክርክር አንዱ ፈጽሞ የማይናቅ ነው። ልጆች ለመጫወቻቸው የሚሆን ብረት ሲለቅሙ የጥይት ቀለህ ያነሣሉ፤ ከቀለሁ ጋር ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ሊያገኙ ይችላሉ። ይህ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ስለሆነ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ወድቆ የተገኘ ማናቸውም የጦር ብረት አይነካም፤ አይረገጥም፤ ያየው ልጅ ርቆ ለትልቅ ሰው ይናገራል። ነገር ግን ይህን ልጁ የሚሰማው ከማን አፍ ነው? መጫወቻውን ከቀማው መምህር ይሸሻል፤ ጨዋታውን ወደ ገደሉና ወደ ፈራረሰው ምሽግ ያርቃል። ጣሳውን፣ ሽቦውንና የእስክሪብቶ ቀፎውን በክፍል ውስጥ ከሰጠው መምህር ግን ምክርም ይቀበላል። እንግዲህ መከልከሉ አደጋውን አያስወግደውም፤ ከዓይናችን ይሰውረዋል እንጂ።

ከነጣቂዎቹ ይልቅ የሚያሠጉን ሌሎች ወገኖችም አሉ። እነዚህ መጫወቻውን አይነጥቁም፤ ያሞግሡታል። ከዚያም ባንዲራ ያስተክሉበታል፤ «ይህኛው የእኛ፣ ያኛው የጠላት» ብለው ያስጽፉበታል፤ በበዓል ቀን ከመድረክ ፊት ያሰልፉታል። ለካድሬዎቻችን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ የልጅን ምስክርነት ወደ ቅስቀሳ መለወጥ ከመንጠቅ የከፋ ዝርፊያ ነው። ልጁ የሠራው ዴስክ የጫነ አይሱዙ ነው። ዴስኩን ከላዩ አውርዶ መፈክር የሚጭንበት ሰው፣ ከመጀመሪያው ጫኝ በምን ይለያል?

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሱ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። መምህራን በሥዕልና በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ጣሳ፣ ሽቦ፣ ቆርኪና ጀሪካን ይፍቀዱ፤ ምላጩንና የጋለውን ምስማር በራሳቸው ቁጥጥር ሥር ያድርጉ፤ ልጁ ሠርቶ ሲጨርስ ከማረም በፊት «ይህ ምን ጭኗል? ወዴት ነው የሚሄደው? ማን ነው የሚነዳው?» ብለው ይጠይቁት። የሚሰጠውን መልስም ይጻፉት። ሠዓሊዎችና ቅርጻ ቅርጽ ሠሪዎች ወደ እነዚህ ክፍሎች ወርደው ከልጆቹ ጋር ይቀመጡ። ለማስተማር ብቻ አይሂዱ፤ ለመማርም ይሂዱ። በአዳራሾቻችን ስለ ጦርነቱ ከቀረቡት ሥዕሎች ስንቶቹ ናቸው ተዘርፎ የሄደውን የትምህርት ቤት ዴስክ ያስታወሱት? የባህል ጽሕፈት ቤቶችም የኤግዚቢሽን አዳራሻቸውን ለእነዚህ ሥራዎች ይክፈቱ። ከእያንዳንዱ መኪና ሥር የባለሥልጣን ንግግር አይለጠፍ፤ ልጁ በራሱ አፍ የተናገረው ዓረፍተ ነገር ይለጠፍ።

ከዚያስ ዲሽቃው ከሽቦው መኪና ላይ ይወርዳል ወይ? የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በትእዛዝ አይወርድም። የሽቦ መኪና የሚታዘዘው ለመንገዱ ነው። በጎዳናው ላይ ዴስክ የጫነ መኪና ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመለስ ልጁ ያየ እንደ ሆነ፣ ያንኑ አይሱዙ አዙሮ ለመሥራት የማንንም ምክር አይጠብቅም። ያን ማድረግ ደግሞ የልጁ ተግባር አይደለም፤ የእኛ ነው።

ይህ ጽሑፍ እስከ ተጻፈበት ቀን ድረስ ካርቶኑ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ጥግ እንደ ተቀመጠ ነው። ፒክአፑ በታንኩ ሥር፣ አይሱዙውም ከሁሉ በታች ተጨፍልቀው ይገኛሉ። ከክብሪት እንጨቶቹ አንዳንዶቹ ረግፈዋል። መምህሩ ቅን ሰው ስለ ሆኑ ይህን ጽሑፍ ካነበቡ አይቆጡንም ብለን እናምናለን። የምንጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ካርቶኑን ይክፈቱትና ዴስኮቹን ከልጁ ጋር ይቍጠሯቸው።